ከፕሮሰሰሩ በፊት አቧራው

ባለፈው ስብሰባ የቡድናችን ላፕቶፕ ጉዳይ ተነስቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ላፕቶፑ ቀርፋፋ ሆኗል፣ ፋኑ እንደ ሄሊኮፕተር ይጮሃል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጽሑፍ መሃል ላይ እያለን ድርግም ብሎ ይጠፋል። የቀረበው ሐሳብ እያንዳንዳችን 5 ዶላር አዋጥተን ፕሮሰሰሩን በአይ ሰቨን እናስቀይር፣ ማቀዝቀዣውንም ሱቁ ያሻሽለው የሚል ነበር። ብዙዎቻችሁ እጅ አውጥታችኋል። እኔ አላወጣሁም። ለምን እንደሆነ በዚያች አጭር ሰዓት የሚነገር ስላልሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ 5 ዶላሩ። ለአንዳንዶቻችን ምንም አይደለም። ግን መሃላችን ደሞዟ የተያዘባት አለች፣ ፍሪ ሆና በሰዓት እየሠራች የቤት ኪራይ የምትከፍል አለች። እሷ እኔ አልችልም ብላ አትናገርም፣ ዝም ብላ ታዋጣለች። ስለዚህ ያ ገንዘብ የሚገባበት ነገር በትክክል በሽታውን የሚያድን መሆን አለበት።

አሁን ወደ ማሽኑ። ይሄ ላፕቶፕ ገበያ ላይ የምናየው ዓይነት አይደለም። ክዳኑ ላይ ስም የለውም። ሆዱ ላይ ያለችውን ወረቀት ብታነቡ ክሌቮ ይላል። ክሌቮ የታይዋን ድርጅት ነው፤ ባዶ የላፕቶፕ አካል ይሠራል፣ ሌሎች ነጋዴዎች ደግሞ ደንበኛው በመረጠው ፕሮሰሰር፣ ራምና ዲስክ ገጣጥመው በራሳቸው ስም ይሸጡታል። ልብስ ሰፊ ጋ በልክ እንደማሰፋት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ ጥሩ ጎን አለው፣ ተፈቶ እንዲጠገን ሆኖ ነው የተሠራው። የኛው ውስጥ ያለው የኢንቴል ሦስተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ 3210 ኤም ነው፣ የ2012 ዕቃ። ሶኬት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ በአንድ ብሎን ግማሽ ዙር ተፈቶ ይነሳል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ይቀየራል ያሉት እህቶች ውሸት አላወሩም፣ ይቀየራል። የኔ ጥያቄ ከተቀየረ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

እስቲ ኤሲውን አስቡት። ማዳም ኤሲው አላቀዘቅዝ ሲላት ትልቅ ሞተር ያለው አዲስ ኤሲ አትገዛም። «ፊልተሩን አውርጂና አጥቢ» ነው የምትለው። አውርደን ስናየው ያንን ግራጫ ጥጥ የመሰለ አቧራ እናገኛለን፣ እናጥበዋለን፣ ኤሲው ይነፍሳል። ላፕቶፕ ውስጥም ያው ነው። ከፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ቱቦ ይነሳል፣ ሙቀቱን ወደ ጎን ይወስደዋል፣ ጫፉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ፣ ፋኑ በነሱ መሃል አየር ይገፋል። አቧራው የሚከማቸው ፋኑና ማበጠሪያው መሃል ነው። ከውጭ አይታይም። ፋኑ ይዞራል፣ ይጮሃል፣ አየሩ ግን አይወጣም። የኛን ላፕቶፕ ሲሠራ የጎን ቀዳዳው ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌአለሁ። ያን ያህል ጩኸት እያለ የሚወጣው ትንፋሽ የሻማ እሳት አያወዛውዝም።

በዚያ ላይ የምንጠቀመው የት ነው? ኩሽና ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ብርሃኑ እንዳይታይ ብርድ ልብስ ውስጥ ጭምር። ኩሽና ውስጥ ያለው አየር የዘይት ጭስ አለው። ከምድጃው በላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ ያጸዳች ሁሉ ያንን የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ታውቀዋለች። ላፕቶፑም እሱን ነው የሚስበው። አልጋ ላይ ስናስቀምጠው ደግሞ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ሆዱ ላይ ስለሆነ ፍራሹ ይደፍነዋል። ትሪ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ለውጥ ያመጣል፣ ያውም በነጻ።

ሌላው ቅባቱ ነው። ፕሮሰሰሩና የመዳቡ ብረት በሚነካኩበት ቦታ ላይ ተርማል ፔስት የሚባል ማስቲሽ የሚመስል ቅባት አለ። ሥራው በሁለቱ መሃል ያለውን የማይታይ ክፍተት ሞልቶ ሙቀት ማሳለፍ ነው። ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ እንደ ቆየ ሊጥ ይሰነጠቃል። የኛው ከተገዛ ጀምሮ ተከፍቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ብሎኖቹ ላይ አንድም ጭረት የለም።

ይሄ ፕሮሰሰር እስከ 105 ዲግሪ ይታገሣል። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሙቀቱ አሁንም ካልወረደ ይጠፋል። ማለትም ቀርፋፋነቱና ድርግም ማለቱ ሁለት በሽታ ላይሆኑ ይችላሉ። ታዲያ እዚህ ላይ አይ ሰቨን ብናስገባስ? የኛ አይ ፋይቭ ለ35 ዋት ሙቀት የተሰላ ነው። ሱቁ ያቀረበው አይ ሰቨን 3610 ኪው ኤም 45 ዋት ነው። የተደፈነ ማቀዝቀዣ ላይ 10 ዋት መጨመር ነው። ሁለት ሰው የማያሳልፍ ደረጃ ላይ አራት ሰው መላክ እኮ ነው። አዲሱም ይሞቃል፣ እሱም ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ገንዘባችን ግን ሄዷል። ቻርጀሩም አለ። ለትንሹ ፕሮሰሰር የተለካ ቻርጀር ከሆነ ትልቁ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠይቅ ላይበቃው ይችላል። ሱቁ ይህን አላነሳም።

«ማቀዝቀዣውንም እናሻሽላለን» የተባለው ምን ማለት እንደሆነ ሱቁን ጠይቁልኝ። ከሥሩ የሚቀመጠው ባለ ሰማያዊ መብራት ፋን ከሆነ፣ ውስጡ ተደፍኖ ከሥር መንፋት ብዙ ዋጋ የለውም። ለዚሁ ሞዴል የተሠራ፣ ባለ ተጨማሪ ቱቦ የመዳብ ማቀዝቀዣ ከሆነ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው፣ እሱን እኔም እደግፋለሁ። የሌላ ሞዴል ማቀዝቀዣ ግን ብሎኑ እንኳ ቦታው ላይ አይገጥምም።

አሁን ደግሞ ቀርፋፋነቱ ሁሉ ከሙቀት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ሳይሞቅም ለመነሳት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ይደርሳል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ የሚመጣውን መስኮት እዩ። እኔ ሳየው ፕሮሰሰሩ ገና ግማሽ እንኳ አልሠራም፣ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ቆሟል። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ኩሽና ውስጥ አራት ሠራተኛ ብትቀጥሪ፣ ሽንኩርቱን ከምድር ቤት አንድ በአንድ የሚያመጣው ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ከሆነ አራቱም ቆመው ይጠብቁታል። ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መቀየርና ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ከአይ ሰቨኑ በላይ ይታያችኋል። ራሙ ዲዲአር 3 የላፕቶፕ መሆን አለበት፣ ሌላው አይገባም።

አንዲት እህት «አይ ሰቨን ከሆነ ዊንዶውስ 11 ይጫናል» ብላለች። አይጫንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የኛ ሶኬት ላይ የሚቀመጠው ቢበዛ ሦስተኛው ነው፣ አይ ሰቨንም ቢሆን። ዊንዶውስ 10ን ደግሞ ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2025 (በፈረንጆቹ) ድጋፉን አቁሞበታል። ስለዚህ በማንኛውም መንገድ ሊኑክስ ሚንትን ብንጭን ይሻላል እላለሁ። ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን ይቀላል፣ አማርኛም ይጻፍበታል።

አሁን ዋናውን ልበል፣ በስብሰባው ማንም ያላነሳውን። እዚያ ዲስክ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የ30 ምናምን ሴቶች የፓስፖርት ኮፒ፣ የኮንትራት ወረቀት፣ ደሞዝ የተከለከሉት የጻፉት አቤቱታ፣ ከቤት የወጡት አሁን ያሉበት ቦታ። ይህን ይዘን ሱቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን «ነገ ተመለሱ» ሲሉን እሺ ብለን ልንሄድ ነው? ሱቁ መጥፎ ሰው ነው አልልም፣ አላውቀውም። ግን አሠሪዋ የት እንዳለች የሚፈልጋት እህት ወረቀቷ ማንም እጅ ሊገባ አይገባም። ማንኛውም ጥገና ቢሆን፣ እናንተ ብታሸንፉኝና ፕሮሰሰሩ ቢቀየር እንኳ፣ ዲስኩ ወጥቶ እኛ ጋ ይቅር። ሁለት ብሎን ነው። ፕሮሰሰር ለመቀየር ዲስክ አያስፈልጋቸውም፣ ያስፈልገናል ካሉ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

በተቃራኒው ያለውንም ሐሳብ አልንቀውም። ቪዲዮ ማቀናበር የሚማሩት ልጆች ፕሮሰሰሩ ያንሳቸዋል፣ እውነታቸውን ነው። ሁለት ኮር ብቻ ያለው ማሽን ቪዲዮ ሲያወጣ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፣ ኤስ ኤስ ዲም እዚያ ላይ ብዙ አይረዳም። ለነሱ ከሆነ አይ ሰቨን 3632 ኪው ኤም የሚባል አለ፤ አራት ኮር ነው፣ ሙቀቱ ግን እንደ አሁኑ 35 ዋት ነው። ሶኬት ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት መርጦ መግዛት ነው፣ ምክንያቱም ይኸው ስም ያለው ቦርድ ላይ የሚበየድም አለ። ባዮሱ ይቀበለው እንደሆነም ከመግዛት በፊት ማየት ግድ ነው። ካልተቀበለው ስክሪኑ አይበራም። ሲገጠምም ከሥሩ 988 የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ እግሮች አሉት፣ አንዷ ከታጠፈች ጣጣ ነው። ይህንን ግን ከጽዳቱ በኋላ፣ ሙቀቱን ለክተን እንወስን። ኮር ቴምፕ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲግሪውን ያሳያል። ከጽዳት በፊት ስንት፣ ከጽዳት በኋላ ስንት ብለን ወረቀት ላይ እንጻፈው። ከዚያ በኋላ በቁጥር ነው የምንከራከረው።

መንገዴን ትቼ አንድ ነገር፦ ለእህት ለወንድማችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝታችሁ የምትልኩ፣ «ወደፊት ፕሮሰሰሩን ታሳድጊዋለሽ» ሲሏችሁ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል እዩ። ዩ ካለ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ አይነሳም። ኤም ወይም ኪው ኤም ያለው የሦስተኛ ትውልድ፣ ኤም ወይም ኤም ኪው ያለው የአራተኛ ትውልድ ብዙውን ጊዜ ይነሳል። ከአምስተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የተበየዱ ናቸው። ነጋዴው ቢምልም አትመኑት።

ጽዳቱን ማን ይሠራዋል ለሚለው፣ እኛ። ለምን አንችልም? የሰው ቤት የቡና ማሽን ፈትተን እናጥባለን፣ የቫኩም ሞተር እንፈታለን፣ ከቻንደሌር ላይ መቶ ክሪስታል አውርደን በቦታው እንመልሳለን። ላፕቶፕ ከዚያ አይከብድም። ሥርዓቱ ይሄ ነው፦ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው ይወጣል። የሥሩ ክዳን ይፈታል፣ ብሎኖቹ ወረቀት ላይ በወጡበት ቦታ ይደረደራሉ። የማቀዝቀዣው ብሎኖች አጠገብ ቁጥር ከተጻፈ ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ ነው የሚፈቱት፣ ሲመለሱም ሁሉም በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ እንጂ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አይኬድም። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። በቫኩም አትሞክሩት። የደረቀው ቅባት በጥጥና በአልኮል እስኪያበራ ይጠራል፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አዲስ ቅባት መሃል ላይ ትቀመጣለች። አታብዙት፣ ቅቤ መቀባት አይደለም። ከቺፖቹ ላይ ለስላሳ ላስቲክ የሚመስል ንጣፍ ካገኛችሁ አትጣሉት፣ በቅባትም አትተኩት፤ የራሱ ውፍረት ስላለው ቦታው ይመለሳል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እሁድ የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። የ5 ዶላሩ መዋጮ ለጊዜው ይቆም። ካለን ሣጥን ላይ አንድ ቱቦ ተርማል ፔስት ይገዛ፣ እሱ ትንሽ ነው። ለክተን ካየን በኋላ ለኤስ ኤስ ዲ፣ ለራምና ለባትሪ እናዋጣ፣ የምትችል በቻለችው። ባትሪውን ያነሳሁት መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ጽሑፍ ስለሚጠፋብን ነው፣ አሁን ያለው አምስት ደቂቃ እንኳ አይይዝም። ትንሿን ባለ መስቀል ካቻቢቴ እኔ አመጣለሁ። ንጹሕ የቀለም ብሩሽ ያላት ታምጣ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ያላትም እንዲሁ። አይ ሰቨን ይገዛ ያላችሁትም ኑ፣ በተለይ እናንተ፤ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡን አብረን እንየው።