ቀመሩን ከመሸምደድ ኩቡን መደርደር ይቅደም

«የሬክታንግላዊ ፕሪዝም ይዘት እንዴት ይገኛል?» ተብለን ስንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ርዝመት ሲባዛ በወርድ፣ ሲባዛ በከፍታ» ብለን እንመልሳለን፡፡ መልሱ ትክክል ነው፡፡ ነገር ግን «ሦስቱ ቁጥሮች ስለ ምን ይባዛሉ? ስለ ምንስ አይደመሩም?» የሚል ጥያቄ ቢከተል ከመካከላችን ዝም የሚለው ብዙ ነው፡፡ እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ቀመሩ በሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት ተማሪው ኩቦችን በእጁ ደርድሮ ሊቆጥር ይገባዋል፡፡

ይዘትን መለካት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ወላጆቻችን እህል በቁና ሲሰፍሩ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ መስፈሪያው ስንት ጊዜ እንደሞላ ይቆጥራሉ፡፡ በጂኦሜትሪ ቁናችን ኩብ ነው፡፡

ለምሳሌ ያህል ግንበኞች አሸዋና ጠጠር የሚሰፍሩበትን የእንጨት ሳጥን እንመልከት፡፡ ብዙ ጊዜ ከሚሠሩት አንዱ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 20 ሳንቲሜትር ነው፡፡ ጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ኩብ ደግሞ ልክ 1 ሊትር ነው፡፡ እንዲህ ያሉትን ኩቦች በሳጥኑ ወለል ላይ ብንደረድር በርዝመቱ 5፣ በወርዱ 4 ስለሚገቡ የመጀመሪያው ንብርብር 20 ኩብ ይሆናል፡፡ በዚያ ላይ የሚበቃው ሌላ አንድ ንብርብር ብቻ ነውና ጠቅላላው 40 ኩብ፣ ማለት 40 ሊትር ነው፡፡ ማባዛቱም የተወለደው ከዚህ ነው፤ ርዝመትና ወርድ የአንዱን ንብርብር ኩቦች፣ ከፍታ የንብርብሮቹን ብዛት ይነግሩናል፡፡

ይህን ያየ ተማሪ በቀላሉ አይታለልም፡፡ የሳጥኑ ከፍታ በ2 ሳንቲሜትር ቢያጥር ከላይኛው ንብርብር አንድ አምስተኛው፣ ማለት 4 ሊትር እንደ ጎደለ ያውቃል፡፡ በ1 ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ሊትር አለ ቢባል 100 ብሎ አይቸኩልም፤ አንዱ ንብርብር 100፣ ንብርብሮቹ 10፣ ጠቅላላው 1,000 መሆኑን በዐይነ ኅሊናው ይቆጥራል፡፡ እንደ «ገ» ፊደል የታጠፈ የውሃ ገንዳ ቢሰጠውም አይጨነቅም፡፡ ቀመሩን ብቻ የያዘው «ርዝመቱ የትኛው ነው?» እያለ ሲፈልግ፣ እርሱ በወለሉ ላይ የሚያርፉትን ኩቦች ቆጥሮ በንብርብሮቹ ብዛት ያባዛል፡፡

አንዳንዶች «ጊዜው አጭር ነው፤ ፈተናውም ውጤቱን እንጂ ድርደራውን አይጠይቅም፤ ኩቡስ ከየት ይገዛል?» ሊሉ ይችላሉ፡፡ የጊዜው ማጠር እውነት ነው፡፡ ይሁን እንጂ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተሸመደደው ከፈተናው ማግስት ይረሳል፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንደ አዲስ ሲያስተምሩት ሌላ ጊዜ ይፈጃል፡፡ ኩቡንም መግዛት አያሻም፤ ጭቃ አቡክቶ፣ በማስመሪያ ለክቶ መሥራት ይቻላል፡፡ ጎኖቹን እኩል ለማድረግ መድከም ራሱ ትምህርት ነው፡፡

ቀመሩ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም፡፡ መጋዘን ሙሉ ኩብ የሚደረድር የለም፤ ቀመሩም ድካምን ሊያሳጥርልን የተገኘ ነው፡፡ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ በመንገዱ ያልሄደ ሰው አቋራጩን ሲስት መመለሻ የለውም፡፡

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን አንድ ክፍለ ጊዜ ለድርደራው እንድትሰጡን በትሕትና እለምናለሁ፡፡ ወላጆችም ልጆቻችሁ በጓሮ ጭቃ ሲያቦኩ ብታገኙ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት «ስንት ንብርብር ሆነ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትልቅ ውለታ ነው፡፡ እኛም ተማሪዎች «ስለ ምን?» ብሎ መጠየቅን አንፈር፡፡