ሰንጋ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ የውጭ ዲግሪ ሲገዛስ?

ወገኔ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ነገር መጀመሪያ ላይ ፖለቲካ አይመስልህም። እስከ መጨረሻው ካነበብከው ግን ከብዙ መፈክር የበለጠ ፖለቲካ መሆኑ ይገባሃል።

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስና ወደ ሰንጋ ተራ በእግርህ ሂድ። ቀና በል። ንብ ባንክ፣ ሕብረት ባንክ፣ ዘመን ባንክ። ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጠጋ ስትል ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ። ሁሉም በእኛ እድሜ የበቀሉ ናቸው። ፎቶ አንስተህ ለጥፈሃል፤ እኔም ለጥፌያለሁ፤ ነውር የለውም። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ ፎቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚወስነው ሰው ምን ተማረ? የተማረውን ነገር ማን ጻፈው? ለማን አገር?

የሰፈሩን ስም አስተውል። ሰንጋ ተራ። ስሙ ራሱ ይናገራል። አባቶችህ ሰንጋ ሲገዙ አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይዳብሳሉ፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬዱታል። ደላላው የፈለገውን ያህል ቢምል ዝም ብሎ ገንዘቡን የሚቆጥር የለም። ዛሬ በዚያው ሰፈርና በዙሪያው «ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኤምቢኤ» የሚል ባነር ሲሰቀል ግን ጥርሱን የሚያይ ጠፋ። ጥያቄያችን ሁለት ብቻ ነው፦ ምዝገባው መቼ ያልቃል? ክፍያው በስንት ጊዜ ይከፈላል? በቃ!

እዚህ ጋ ከእኛው ሰዎች አንዳንዱ ቶሎ ብሎ «ትክክል! ፈረንጅ ምን ያስተምረናል? ሁሉንም ጠራርገን እናስወጣ» እንደሚል አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ተረጋጋ። እኔ ያልኩት እሱን አይደለም። እንዲያውም ይሄ አስተሳሰብ ከደላላው ጋር ወንድማማች ነው። አንዱ ሳያይ ይገዛል፣ ሌላው ሳያይ ያባርራል። ሁለቱም ጥርሱን አላዩም።

የማወራው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። የምንኮራበትን አየር መንገድ ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አስተዳደሩ ቲደብሊውኤ ለሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ በውል ተሰጠ። አብራሪው ፈረንጅ፣ መካኒኩ ፈረንጅ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ። ታዲያ ይሄ ውርደት ነበር? አልነበረም። ምክንያቱም በ1953 ውሉ ሲታደስ የመጨረሻው ግብ ድርጅቱን ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እጅ ማስገባት መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ሄዱበት። በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1970 ቲደብሊውኤ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ወረደ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በ1975 ውሉ አበቃ። ቲደብሊውኤ ዛሬ የለም፤ ከስሮ ተሸጧል። ተማሪው ግን እየበረረ ነው።

ሚስጥሩ የት ነው? ማብቂያ ያለው ውል። አስተማሪው ራሱን አላስፈላጊ ለማድረግ የተስማማበት ውል።

ሐረማያንም ተመልከት። የያኔው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው የተተከለው። በ1952 የተጀመረው ትብብር በ1968 ሲያልቅ ኦክላሆማዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ ኮሌጁ ቀረ። ግብርና እንዲህ ከተማርን ሥራ አመራርን እንዲህ መማር ለምን አቃተን?

ወደ ሰንጋ ተራ ልመልስህ። እነዚህ ሁሉ ፎቆች ሳይበቅሉ ኮሜርስ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በሁለት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የአዲስ አበባ ኮሜርሻል ስኩል ተከፈተ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። የባንኩ የመጀመሪያ ገዥ ማን ነበር? ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ። አገሪቱ ባንክ ስትከፍት የሚመራው የራሷ ሰው አልነበራትም፤ አፍራ ግን አልተቀመጠችም። ሂሳብ ያዥ፣ ጸሐፊ፣ ታይፒስት ከታች ታወጣ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1964 ብሔራዊ ባንክ ለብቻው ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ገዥ ምናሴ ለማ ነበሩ። ሃያ ዓመት ብቻ! ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ኮሜርስ፣ አባትህ ወይም አክስትህ «እኔ የኮሜርስ ልጅ ነኝ» ብለው በኩራት የሚጠሩት ቤት፣ የዚያ ዘመን ውጤት ነው።

ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ መንገዱ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የብሪታንያው ክፍት ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ባለሥልጣናት ኤምቢኤ በርቀት ያስተምር ነበር። መለስ ዜናዊ በ1995 ዲግሪያቸውን ያገኙት በዚሁ ነው። ስለ ሰውየው ያለህን አስተያየት ለጊዜው አስቀምጠውና አንዱን ነገር ብቻ እይ፦ አገር የሚመራ ሰው ሥራ አመራርን የሚማረው እንግሊዝ ታትሞ በመጣ መጽሐፍ ነው። ከሰንጋ ተራ ብዙም የማይርቀው ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከህንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የህንዱን ኤምቢኤ እዚሁ አመጣ። ልወቅሰው አይደለም። ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር፣ ውጭ መሄጃ ለሌለው ሰው በር ተከፍቷል፤ በር የከፈተ አይወቀስም። ግን መጽሐፉ የተጻፈው ለህንድ አንባቢ ነው። የህንድ ታክስ፣ የህንድ ኩባንያ፣ የህንድ የሠራተኛ ሕግ። ይሄን ወደ መርካቶ የሚመልሰው ማነው?

የሚገርመው፣ ህንድ ራሷ እኛ የያዝነውን መንገድ አልሄደችም። እ.ኤ.አ. በ1961 አህመዳባድ ላይ የሥራ አመራር ተቋሟን ስታቆም ሃርቫርድን አጋር አደረገች፤ የአሜሪካው ፎርድ ፋውንዴሽንም ገንዘብ ረዳ። ህንዶቹ ታዲያ የሃርቫርድን ዲግሪ ዴልሂ ላይ አልቸረቸሩም። መምህራኖቻቸውን ላኩ። የላኩት ዘዴውን እንዲማሩ ነው፤ የአንድን ድርጅት እውነተኛ ችግር ለተማሪ ሰጥቶ «አንተ ብትሆን ምን ትወስን ነበር?» ብሎ ማከራከርን። መምህራኑ ተመልሰው የህንድን ፋብሪካ፣ የህንድን ገበሬ፣ የህንድን ነጋዴ ችግር ጻፉ። ማህተሙ የህንድ ሆነ። ሃርቫርድ ወጣ፣ ተቋሙ ቆመ። ቻይናም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሻንጋይ ላይ የጋራ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ያ ትምህርት ቤት ዛሬ ጋና አክራ ላይ ካምፓስ አለው። ተማሪ የነበረው አስተማሪ ሆኖ ወደ አፍሪካ መጣ ማለት ነው።

አንድ ቀን የገባሁበትን ክፍል ልንገርህ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። መምህሩ አንድ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት መጋዘኑን እንዴት እንደሚያስተዳድር ሁለት ሰዓት አስረዳን። ጎበዝ መምህር ነው፣ አልዋሽም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ መርካቶ ሸማ ተራ ከአባቱ ጋር የሚሠራ ነው። እረፍት ላይ «እኛ ጋ እኮ ዕቃው በዱቤ ይወጣል፣ ወረቀት የለም፣ እቁቡ ሲደርስ ነው የሚከፈለው፤ ይሄን በየትኛው ምዕራፍ ነው የምናገኘው?» አለኝ። ስቀን ዝም አልን። ያ ጥያቄ ክፍል ውስጥ አልተነሳም። ቢነሳ ኖሮ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ይሆን ነበር። ያለ ወረቀት፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ በስም ብቻ የሚንቀሳቀስ የመርካቶ ብድር ሃርቫርድ ቢያገኘው መጽሐፍ ይጽፍበታል። እኛ ግን «ኋላቀር» ብለን እናልፈዋለን።

ሌላ ምሳሌ፣ ይሄኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም.። የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣ ያደረበት ሌሊት። ዩኒቨርሲቲ የነበርክ ከሆነ ኤቲኤሙ ጋ የነበረውን ሰልፍ ታስታውሳለህ፤ የት እንደቆምክ አልጠይቅህም! ባንኩ ያለ አግባብ ወጣ ያለው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። በኋላ መልሱ አለ፣ የብዙ ሰው ስም ለጠፈ፣ አብዛኛው ተመለሰ። ይሄ እኮ ሙሉ የሥራ አመራር ትምህርት ነው! በዚያ ሌሊት ማን ለማን መደወል ነበረበት? ሲስተሙን የማጥፋት ሥልጣን ያለው ማነው? ስም መለጠፍ ትክክል ነበር? ለሕዝብ መቼና ምን ይነገራል? የኢትዮጵያ የንግድ ሥራ ተማሪ ሁሉ በዚህ ጉዳይ ተከራክሮ መመረቅ ነበረበት። አሜሪካ ቢሆን በዓመቱ ክፍል ውስጥ ይገባ ነበር።

«ለምን አሁን?» ካልከኝ መልሱ አጭር ነው። ታህሳስ 2017 ላይ ፓርላማው አዲሱን የባንክ ሥራ አዋጅ አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1360 ነው። የውጭ ባንክ መግባት ተፈቀደ። አንድ ስትራቴጂክ ባለሀብት ከአንድ የአገር ውስጥ ባንክ እስከ 40 በመቶ፣ የውጭ ባለሀብቶች በድምሩ እስከ 49 በመቶ መያዝ ይችላሉ። በማግስቱ ጥር ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። አሁን ስለ አዋጁ መልካምነትና መጥፎነት አልከራከርም፤ ሌላ ቀን። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው። 51 በመቶው የእኛ ሆኖ ሥራ አስኪያጁ፣ የስጋት ተንታኙ፣ ኦዲተሩ፣ ውሳኔ ሰጪው ሁሉ ከውጭ ከመጣ፣ 51ዱ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ወደ 1943 ተመልሰን አዲስ ብላወርስ እንፈልጋለን ማለት ነው። ያውም ያኔ ቢያንስ ኮሜርስን በጎን ከፍተን ነበር።

ደላላው አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለው፤ «ዓለም አቀፍ እውቅና»። እሺ፣ እንየው። በዓለም ላይ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትን የሚመዝኑ ሦስት ትልልቅ ማህተሞች አሉ፦ የአሜሪካው ኤኤሲኤስቢ፣ የአውሮፓው ኢኩዊስ፣ የብሪታንያው አምባ። (አምባ ሲሉት የእኛ ይመስላል፤ ለንደን ነው ያለው።) ሦስቱንም የያዙ አፍሪካውያን አሉ፤ ካይሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬፕታውን፣ ስቴለንቦሽ። ከኢትዮጵያ ሦስቱን የያዘ የለም። ስለዚህ ባነሩ ላይ «ዓለም አቀፍ እውቅና» ሲልህ «የትኛው?» በለው። እዚሁ አገር ውስጥስ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፕሮግራሙን አውቆታል ወይ በለው። ሁለቱን ጥያቄ ስትጠይቅ ፊቱን እይ፤ ጥርሱ እዚያ ጋ ነው።

ከጃፓን ጋር የሠራነውን ካይዘን ደግሞ ለሚዛን ያዝ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ፋብሪካዎች ላይ ተሞከረ፣ በ2011 የራሳችን የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ የሚተች ነገር አለው፤ ግድግዳ ላይ መፈክር ሰቅሎ የቀረ ፋብሪካም አይቻለሁ። ግን አካሄዱን እይ። ትምህርቱ የጀመረው ከፋብሪካው ወለል ነው፤ ከወለሉ ላይ ካለች ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ፣ በአማርኛ።

ስለዚህ የምንጠይቀው «ትብብር ይቁም» አይደለም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። የውጭው ትምህርት ቤት ሲመጣ ስንት ኢትዮጵያዊ መምህር አሠልጥኖ ይሄዳል? ስንት የኢትዮጵያ ድርጅት ጉዳይ ተጽፎ ይቀራል? የተጻፈው ንብረት የማን ነው? የእነሱ ተማሪ እዚህ መጥቶ ከእኛ ይማራል ወይስ የእኛ ብቻ ነው የሚሄደው? ውሉ የሚያበቃው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ደግሞ ዋናው፣ ውሉ የታለ? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ገንዘብ የሚፈርመው የመግባቢያ ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ የቤተሰብ ፎቶ አይደለም። ፊርማው በቴሌቪዥን ይታያል፣ እጅ ለእጅ መጨባበጡም ይታያል፤ ወረቀቱን ያየ ተማሪ ግን ስንት ነው?

አንተ ኮሜርስ ያለህ፣ አንቺ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ማኔጅመንት የምትማሪ እህቴ፣ ለእናንተ ሥራ አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ እየደረሰ ነው። «የአመራር ዘይቤ በሠራተኛ እርካታ ላይ ያለው ተፅዕኖ» የሚል ርዕስ ከመደርደሪያ አውርዳችሁ የባንኩን ስም ብቻ አትቀይሩ። ስንት ጊዜ ተጻፈ እሱ! ሰፈራችሁ ያለች አንዲት ዳቦ ቤት ስንዴ ሲወደድ ምን እንደወሰነች ጻፉ። የአጎታችሁ ጋራዥ ለምን ለልጁ ሳይተላለፍ እንደተዘጋ ጻፉ። እቁብ ሰብሳቢው ከሃዲውን እንዴት እንደሚለይ ጠይቁት። አማካሪያችሁ «ይሄ ጥናት አይደለም» ካላችሁ የአህመዳባድን ታሪክ ንገሩት፤ በትህትና፣ መምህር ነው።

ባነር የሰቀለ ኮሌጅ ካለ ደግሞ ግቡ። ሬጅስትራሩ ጋ ቁጭ ብላችሁ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠይቁ። ያገኛችሁትን መልስ፣ የኮሌጁን ስም ሳትጠሩ፣ ከታች ጻፉልን። አርብ ማታ ሰብስበን እናወጣዋለን።