እስስት ከጣሳ አትጠጣም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም። ስለ እስስት ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ኮምፖስት ልይ ብዬ አንድ አባወራ ግቢ ገባሁ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ልጅ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ይዞ መጣ። ውስጡ እስስት አለች። ከያዛት አራተኛ ቀኗ ነው። አንድ ጣሳ ውሃ አስቀምጦላታል፤ ቁራሽ እንጀራም አለ። «ጋሼ፣ ውሃ እንቢ አለችኝ» አለኝ። ጣሳው እስከ አፉ ሙሉ ነው። የእሷ ዓይኖች ግን ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል። እኔም እንደ ባለሙያ ጣሳውን አንስቼ ወደ አፏ አስጠጋሁት፤ ዞር ብላም አላየችው። «ሲጠማት ትጠጣለች፣ ተዋት» ብዬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ ሞታለች። አባትየው «እንኳን ሞተች፣ መርዝ ናት» አሉ። ልጁ ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ እኔን እኔን ያያል።

ኮሌጅ ስለ ላምና ስለ ዶሮ ነው የተማርነው፤ ስለ እስስት ያስተማረን የለም። ያ ግን ሰበብ አይሆነኝም። የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው «ተዋት» ማለት አልነበረብኝም። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ያቺ እስስት ሙሉ ጣሳ አጠገቧ ተቀምጦ የሞተችው በውሃ ጥም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስስት ዛፍ ላይ ነው የምትኖረው። ውሃዋ ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። ጠብታው ሲያብረቀርቅና ሲንቀሳቀስ ታየዋለች፤ ከዚያ ትልሰዋለች። ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው ብላ አታውቀውም። በውጭ አገር እስስት ገዝተው ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እነሱም በወንፊት ሽቦ በተሠራ ቤት ውስጥ ቅጠል አድርገው፣ በቅጠሉ ላይ ውሃ በሚረጭ ወይም በሚያንጠባጥብ መሣሪያ ነው የሚያጠጧት። እኛ ያን መሣሪያ አያስፈልገንም። ጌሾ አለን፣ ሰንሰል አለን፣ ግራዋ አለን።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኸው። እስስት ቤት ውስጥ አትያዝ። ልጃችሁ ከወደዳት ግቢው ጌሾ ላይ ትኑርለት፣ እዚያው ውሃ ያጠጣት። «የእኔ እስስት» ቢላት ማንም አይከለክለው። አስሮ ወይም ዘግቶ ማኖሩ ግን ሌላ ነው። እሷን ይገድላታል፤ በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል፣ ስለዚህ የወጣ አዋጅ አለ። ልጅን ማንም ፍርድ ቤት አያቆመውም፣ እናንተ ግን እወቁት። በተለይ ገበያ አውጥቶ ልሽጥ የሚል ካለ ይስማ።

ውሃውን እንዴት? ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ክዳኑን በመርፌ ሦስት አራት ቦታ ብሱት። ንጹሕ ውሃ ሙሉና እሷ ካለችበት በላይ ያለውን ቅጠል ቀስ አድርጋችሁ አርሱት፤ ጠብታው ከቅጠል ወደ ቅጠል ይውረድ። ፊቷ ላይ በቀጥታ አትርጩባት፣ ትደነግጣለች። አፏን ፈልቅቆ ማፍሰስማ ጨርሶ አይሆንም፤ ውሃው ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ ይበቃል። ቶሎ አትጠጣም። አምስት ደቂቃም አሥር ደቂቃም ዝም ብላ ቆይታ ነው ምላሷን የምታወጣው፤ ልጆች እዚህ ጋ ነው ትዕግሥት የሚያልቅባቸው። በክረምት ይኼ ሁሉ አያስፈልግም፣ ዝናቡ ይበቃታል። ችግሩ በጋ ላይ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ጤዛውም ሲጠፋ።

አንድ ነገር አደራ! በመድኃኒት መርጫው እንዳትረጩላት። ስንት ጊዜ ብታጥቡት ውስጡ የቀረ መርዝ አይጠፋም። ይኼን ለእስስት ብቻ አይደለም የምላችሁ፤ በዚያው መርጫ ውሃ ስትቀዱ ያየኋችሁ አላችሁ። ስማችሁን አልጠራም።

መጠማቷን በምን ታውቃላችሁ? ዓይኗ ይሰረጉዳል። ቆዳዋ ይሸበሸባል። ኩሷ ውስጥ ያለው ነጩ ነገር ወደ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ይለወጣል። ቀን ለቀን ዓይኗን ጨፍና ከተቀመጠች ደግሞ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

ምግቧ ነፍሳት ናቸው፦ ዝንብ፣ ፌንጣ፣ የእሳት እራት፣ ትል። በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ነው የምትፈልገው። እንጀራ፣ ወተት፣ ሥጋ አትስጧት። ጌሾው ላይ ከሆነች ራሷ ታድናለች፤ ምላሷን ወርውራ ዝንቡን ከሩቅ ስትለቅመው ማየት ራሱ ትምህርት ነው። እግሯን በክር ማሰር ይቅር፣ ክሩ ይቆርጣታል። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ፣ ይጣላሉ። ጀሪካን ውስጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ መተው መቀቀል ነው። ፀሐይም ጥላም ያስፈልጋታል፤ ሲሞቃት ራሷ ዞር ትላለች፣ መዞሪያ ካላት። ድመት ካላችሁ ከበር ራቅ ያለውን ጌሾ ምረጡላት።

ስለ ቀለሟም ልበል። «እንደ እስስት ይለዋወጣል» እያልን ስሟን አጥፍተናል። ቀለሟን የምትለውጠው ሰው ለማታለል አይደለም። ጠዋት ሲበርዳት ትጠቁራለች፣ ጥቁር ፀሐይ ስለሚስብ። ስትፈራና ስትናደድም ትለወጣለች። ልጁ ጨብጦ ይዟት «አያችሁ ጠቆረች!» እያለ ሲስቅ፣ እሷ በጭንቀት ላይ ነች። እንግዲህ መልቀቅ ነው።

መርዝ ናት የምትሉኝን አውቃለሁ፤ ከላይ ያሉት አባትም ያሉኝ ይኼንኑ ነው። እስስት መርዝ የላትም። ከጨበጧት ትነክስ ይሆናል፣ ትቆነጥጣለች፣ ሌላ ነገር የለውም። በዚህ በፍርሃት ብቻ ስንቷ በድንጋይ ተቀጥቅጣለች! ደግሞ እወቁ፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኙ የእስስት ዓይነቶች አሉ። ባሌ ተራሮች አካባቢ ያሉትን ለማየት ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እኛ ደግሞ በድንጋይ።

ለሰብሌ ምን ትጠቅመኛለች የሚል ይኖራል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። አልዋሻችሁም፣ እስስት በቆሏችሁን ከተምች አታድንም። አንዲት እስስት በቀን የምትበላው ጥቂት ነፍሳት ነው። ግን አጥሩ ላይ እሷ አለች፣ ወፎች አሉ፣ ሸረሪት አለ፤ ሁሉም ከነፍሳቱ ድርሻ ድርሻውን ያነሳል። ያለምክንያት አጥሩ ላይ መድኃኒት ስትረጩ ትሉን ብቻ አይደለም የምትገድሉት። የተመረዘውን ዝንብ እሷ ትበላዋለች። ቀፎ ያላችሁማ ንቡ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። መርጨት ካለባችሁ ሰብሉ ላይ፣ በታዘዘው መጠን፣ አጥሩን ሳትነኩ።

ያን ልጅ ባለፈው ሳምንት አየሁት። ጌሾው ላይ ሌላ አግኝቷል፤ ይቺኛዋን አልያዛትም፣ ጠዋት ጠዋት ሃይላንዱን ይዞ ይወጣል። አባትየው አሁንም መርዝ ናት ይላሉ፤ ግን ከልጃቸው ኋላ ቆመው ሲያዩ ደርሼባቸዋለሁ። ክዳኑን የበሳሁለት እኔ ነኝ። በሚስማር ስለበሳሁት ቀዳዳው ሰፍቶ ውሃው ቶሎ ያልቃል። እናንተ በቀጭን መርፌ ብሱት።