ጦር ለምትጠሩ እኩዮቼ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በስደት አርጅተን በየለቅሶ ቤቱ ስንገናኝ ከአንዳንዶቻችሁ የምሰማው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። «ምዕራባውያኑ አንዴ ገብተው በገላገሉን» ትላላችሁ። ምሬታችሁን አልንቅም። ግን ይህን ከእናንተ በፊት የተመኙ ነበሩ፤ ምኞታቸውም ሰምሮላቸዋል።

ኢራቃዊው አህመድ ቻላቢ በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ፣ የተማረና ሀብታም ሰው ነበር። ሳዳም እንዲወድቅ የዋሽንግተንን በር እያንኳኳ ዓመታት ደከመ። በ1998 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) የአሜሪካ ምክር ቤት የኢራቅን መንግሥት መለወጥ ፖሊሲ አድርጎ በሕግ አጸደቀ። በ2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ስለ ተንቀሳቃሽ የጀርም ፋብሪካ ሲያስረዳ ዋና ምስክሩ ጀርመን ጥገኝነት የጠየቀ ኢራቃዊ ነበር። ሰውየው ከዓመታት በኋላ መዋሸቱን በገዛ አፉ አመነ። እንደ እኛው ስደተኛ መሆኑን ልብ በሉ።

የአሜሪካ ጦር ኢራቅ ገባ፣ ሳዳም ወደቀ፤ ለእሱ እኔም አላለቀስኩም። ባግዳድ ስትዘረፍ ግን የአሜሪካ ታንኮች የነዳጅ ሚኒስቴሩን እየጠበቁ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ ጠባቂ አጥቶ 15,000 ያህል ቅርስ ተወሰደ። በግንቦት ወር ፖል ብሬመር የተባለው የአሜሪካ አስተዳዳሪ በሳምንት ልዩነት ሁለት ትእዛዝ ፈረመ። አንደኛው የሳዳምን የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላት፣ አስተማሪውን ሳይቀር፣ ከሥራ አባረረ። ሁለተኛው ሠራዊቱን በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ደመወዙን አጥቶ፣ ቂም ይዞ ቤቱ ገባ። በእኛው አቆጣጠር በግንቦት 1983 ዓ.ም. የአገራችን ሠራዊት ሲበተን፣ መኮንን የነበረ ሰው መንገድ ዳር ሲለምን በዓይናችን ያየን እኛ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገንም። ከእነዚያ የሳዳም መኮንኖች አንዳንዶቹ ኋላ የአይሲስ የጦር አዛዦች ሆኑ፤ በ2014 ሞሱል በእጃቸው ወደቀች።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1917 ባግዳድ የገባው እንግሊዛዊ ጄኔራል ሞድ ነፃ ላወጣችሁ እንጂ ልገዛችሁ አልመጣሁም ብሎ ለሕዝቡ አዋጅ አስነግሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ኢራቃውያን በእንግሊዝ ላይ አመፁ፤ አመፁም በአውሮፕላን ቦምብ ጭምር ተጨፈለቀ።

ሊቢያን ደግሞ ከእኔ ይልቅ የአዲስ አበባዋ ጨርቆስ እናቶች ይንገሯችሁ። በ2011 ሰላማዊ ሰዎችን ለመጠበቅ በሚል የኔቶ አውሮፕላኖች ደበደቡ፣ ጋዳፊ ተገደለ፣ ደብዳቢዎቹም አገሪቱን ለታጣቂ ትተው ዞር አሉ። ኦባማ ራሱ ከጋዳፊ በኋላ ለሚመጣው አለመዘጋጀቱ የሥልጣን ዘመኑ ትልቁ ስህተት እንደነበር ተናግሯል። በእኛው አቆጣጠር በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የእኛ ልጆች በሊቢያ ባሕር ዳር ሲታረዱ፣ በረሃ ላይም በጥይት ሲገደሉ ዓለም በቪዲዮ አየ፤ ጨርቆስም ድንኳን ተተከለ። እነዚያን እናቶች ጋዳፊ ይውረድ አይውረድ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ጦር የሚጠራው ሰው ለንደን ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ነው። ቦምቡ የሚወርደው ግን ቪዛ አጥቶ በቀረው ዘመዱ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የቀረን ዕድሜ ጥቂት ስለሆነ መዘዙን እንኳ አንከፍልም፤ ለዚህ ነው ከወጣቶቹ ይልቅ እናንተን የምፈራው። ለውጭ መንግሥት መጻፍ ካለባችሁ ስለ ታሰረው፣ ስለ ተራበው ጻፉ። ጦር ላኩልን በሚል ወረቀት ላይ ግን ስማችሁን አታኑሩ።