ቀን ካጠረን ከመንገዱ እንቁረጥ

የአውሮፕላን ቲኬት ስንቆርጥ «ደርሶ መልስ» እንላለን። ደረስክ፣ ተመለስክ፤ በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ለስብሰባ ወይም ለሠርግ ለሚሄድ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ስድስትና ሰባት ቀን በእግሩ ተጉዞ ለገና ላሊበላ የሚገባ ተሳላሚ ግን ገና ከቤቱ ሳይወጣ የበዓሉን ጠዋት በረራ ይዞ ሲነሳ፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ባይ ነኝ። የምከራከረው በአውሮፕላን ላይ አይደለም፤ በዚያች አንዲት የማለዳ በረራ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ከተሜ ወጣቶች ተሰባስበን ከደሴ፣ ከወልድያ ወይም ከጎንደር በእግር ልንነሳ እንስማማለን። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ የተገኘው በስንት ልመና ነው። ስለዚህ መመለሻው አስቀድሞ ይቆረጣል፤ የሚመረጠውም ታኅሣሥ 29 ጠዋት ነው። «ላሊበላንም ተሳለምኩ፣ የእናቴም ዶሮ አላመለጠኝም» ይባላል። ሲሰሙት ብልሃት ይመስላል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በረራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው እንበል። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ መድረስ አለባችሁ፤ ይሄው 12 ሰዓት ሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ነው። በአዘቦት ቀን ቀላል መንገድ ነው፤ በገና ሌሊት ግን ሰዉም፣ መኪናውም፣ አህያውም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ሳይሞላ መኪና ውስጥ መሆን ያስፈልጋል። መኪናው ሕዝቡን ሰንጥቆ አይመጣላችሁም፤ እናንተ ናችሁ ሻንጣ አንጠልጥላችሁ በሰው መሐል እየተጋፋችሁ ወደ እሱ የምትሄዱት። እንግዲህ 10 ሰዓት ላይ ከማኅሌቱ መውጣት ግድ ነው። እግራችሁ ውኃ ቋጥሯል፣ ሌሊቱን ቆማችሁ አድራችኋል። ሾፌሩም እንደ እናንተው ሲያስቀድስ ያደረ ሊሆን ይችላል። በጨለማ፣ በጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ እንቅልፍ ያላየ ሾፌር! ስድስት ቀን «በሰላም አድርሰን» ብሎ ሲጸልይ የከረመ ሰው ይህን ሲመርጥ ይገርመኛል።

እሺ፣ አደጋውን እንተወው፤ አብዛኛው ሰው በሰላም ይደርሳል። የሚቀርበትን ነገር እንቁጠር። ሲነጋ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ይወረባል። ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከፊሉ ከላይ ከዐለቱ ጫፍ ላይ ተሰልፎ፣ ከፊሉ ከታች ከግቢው ውስጥ ሆኖ። የላዮቹ በመላእክት፣ የታቾቹ በሰዎች ይመሰላሉ። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያው፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ... ብዙ ሰው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣው ለዚች ሰዓት ነው። የማለዳው ተጓዥ በዚያች ሰዓት የት ነው? ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጫማውን አውልቆ የፍተሻ ሰልፍ ላይ ነው።

ጾሙም አለ። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት የሚፈታው በዚሁ ዕለት ነው። ስድስት ሳምንት የጾመ ሰው፣ ያውም የመጨረሻውን ሳምንት በሶና ቆሎ ይዞ የተጓዘ ሰው፣ ጾሙን የሚፈታው አየር ላይ በምትታደል ብስኩት ይሁን? ማዕድ እኮ ከሰው ጋር ነው።

በ2011 ስምንት ሆነን ከወልድያ ተነሳን። መንገዱ ሰላም ነበር። የድልብን ዳገት ወጣን፣ የጋሸናን ብርድ ቀመስን፣ ከዚያ ታጥፈን ወደ ላሊበላ። ማታ ማታ «የመሸብን እንግዶች ነን» ስንል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» የሚሉን አላጣንም። በስድስተኛው ቀን፣ በዋዜማው፣ ከተማው ጠርዝ ላይ አንዲት እናት ተቀበሉን። ውኃ አሙቀው፣ ዝቅ ብለው፣ የስምንታችንንም እግር አጠቡ። የላሊበላ ሰው የእንግዳ እግር ማጠብ ከጥንት የያዘው ልማድ ነው፤ እኔ ግን በፎቶ ከማየት አልፌ እግሬ ሰው እጅ ውስጥ ሲገባ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስታችን «ኧረ እማማ፣ ይተዉ» እያልን ለማስቆም ብንሞክር፣ «ዝም በሉ ልጆቼ፣ በረከቴን አትንፈጉኝ» አሉን።

ከስምንቱ ሦስቱ የጠዋት በረራ ነበራቸው። ሌሊት 10 ሰዓት ሲል፣ ማኅሌቱ ደምቆ ሳለ፣ ሦስት ስልክ ከነጠላ ሥር አንድ ላይ ጮኸ። ዙሪያችን ያሉት ሽማግሌዎች ዞር ብለው አዩን። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው እየተጋፉ ወጡ።

ጠዋት፣ ቤዛ ኩሉ ካለቀ በኋላ፣ አምስታችን ወደ ቤቱ ተመለስን። ድፎ ዳቦው ተቆርሷል፣ ወጡ ወጥቷል። እናት የስምንት ሰው ቦታ አዘጋጅተዋል። ቆጥረው ቆጥረው፣ «እነዚያ ልጆችስ?» አሉ።

«አውሮፕላን ስላለባቸው ሄዱ፣ እማማ።»

ትንሽ ዝም አሉና «ምን አስቀይመናቸው ነው ሳይቀምሱ የሄዱት?» አሉን።

የበረራ ሰዓት ለማስረዳት ሞከርን። ገባቸውም አልገባቸውም፣ የሦስቱን ድርሻ በእንጀራ ሸፍነው ለብቻ አስቀመጡ። ምናልባት ይመለሱ ይሆናል ብለው።

ከሦስቱ አንዱ አዲስ አበባ ቤቱ ሲደርስ እናቱ ሳሎን ሆነው የላሊበላውን በዓል በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተው ጨርሰዋል። «ከየትኛው ጋ ነበርክ? ብፈልግ ብፈልግ አጣሁህ» አሉት። ከሶፋ ያልተነሱት እናት ቤዛ ኩሉን አዩ፤ ስድስት ቀን የተጓዘው ልጅ አላየም። ይሄን እሱ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረን። እኔን አላሳቀኝም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች። ጉዞው በሩጫ የታጠቀው መነሻው ላይ ነው፣ ቲኬቱ የተቆረጠ ቀን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ሰዓት ማሳደድ ይሆናል። አንዱ እግሩ ሲያብጥ «ይረፍ» ሳይሆን «አውሮፕላኑ ያመልጠናል» ይባላል። ገበሬው «እደሩ» ሲል «አመሰግናለሁ፣ ዛሬ 30 ኪሎ ሜትር መሙላት አለብን» ይባላል። ላሊበላ ሲደረስ ተሳላሚው በልቡ አዲስ አበባ ገብቷል።

አሁን መልሱን አውቃለሁ። «ሥራ አለን። አለቃዬ ገና ገብርኤል አይገባውም።» ልክ ነው፤ በ2011 ገና ሰኞ ነበር፣ ማክሰኞ ሥራ። ቀን ያጥራል። ጥያቄዬ ግን ቀን ሲያጥር ከየት ይቆረጣል የሚለው ነው። ለምንድን ነው ሁሌ ከመጨረሻው የሚቆረጠው? ከወልድያ መነሳት ስድስት ቀን ከፈጀ፣ ከጋሸና መነሳት ይቻላል። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ብቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚበቃ መንገድ። የተረፈው ቀን እዚያው ላሊበላ ይዋል።

እዚህ ላይ ነው ፊቶች የሚጠቁሩት። «እንዴ፣ ከጋሸና? እሱማ ምን ጉዞ ነው!» አያችሁ፣ ይሄኔ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ኪሎ ሜትሩ ለስቶሪ ነው የተፈለገው። «180 ኪሎ ሜትር በእግር» ሲባል ያምራል፤ «ታኅሣሥ 29ን ሙሉ ቀን ከሰው ጋር ተቀመጥኩ» ለሚለው ላይክ የሚሰጥ የለም። እኔ በኪሎ ሜትር መኩራትን አልጠላም፣ እግሬም ያውቀዋል። ነገር ግን ርቀት ለመሙላት ተብሎ መድረሻው ከተሠዋ፣ ያ ጥሩ ስፖርት ነው፤ መሳለም ግን አይደለም።

ደግሞ ቦታው ራሱ ምስክሬ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት፣ ንጉሥ ላሊበላ እነዚያን 11 ቤተ ክርስቲያኖች ከዐለት ያሳነጻቸው ኢየሩሳሌም ርቆት መንገድ ላይ ለሚቀረው ምዕመን ቅርብ ኢየሩሳሌም እንዲሆኑለት ነው። እዚያ ያለውን ወንዝ ዮርዳኖስ ያሰኘው ይኸው ሐሳብ ነው። እንግዲህ የላሊበላ ትርጉም አንዱ መንገድ ማሳጠር ነው ማለት ነው! ንጉሡ ያሳጠረው መንገዱን ነው እንጂ መድረሱን አይደለም። እኛ ተገላቢጦሹን ነው የምንሠራው።

ሌሎችንም እንይ። በሐጅ ሑጃጁ መካን ከመልቀቁ በፊት የስንብት ጠዋፍ አለበት፤ መሰናበት ራሱ ሥርዓት ሆኖ ተደንግጓል። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚጓዘው ተሳላሚ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ግዴታው የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ መሄድ ነው። የፈለገ 800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቀን ያጠረው ከመነሻው ይቆርጣል፤ መጨረሻው ግን አይነካም። በዚህ ነጥብ እነሱ ከእኛ ይልቅ የንጉሣችንን ሐሳብ ይዘዋል።

ከወዲያኛው ጫፍ የሚነሳም አለ፦ «በእግሩ የሄደ በእግሩ ይመለስ፤ አውሮፕላን የሰነፍ ነው» የሚል። ከእሱም ጋር አልስማማም። ቀድሞ ሰው በእግሩ የተመለሰው ሌላ ስላልነበረው ነው። ከላሊበላ አዲስ አበባ በመኪና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ደግሞ አውሮፕላን ቅንጦት አይደለም። ብረሩ! ብቻ ማግስቱን ብረሩ።

«አልጋ የለም፣ ያለውም በበዓል እሳት ነው» የሚባለውም እውነት ነው። ግን ስድስት ሌሊት ሰው ቤት መሬት ላይ ተኝቶ የመጣ ሰው ሰባተኛዋን ሌሊት ያለ ሆቴል ማደር አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል?

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ከተማው ነው። ላሊበላ የሚኖረው በእንግዳ ነው። በኮሮና እንግዳ ጠፋበት። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ሲለዋወጥ ከረመ። ከዚያ ወዲህም ፋታ አላገኘም። አስጎብኚው፣ ቡና አፍይዋ፣ የመስቀልና የጥለት ነጋዴው ዓመቱን የሚጠብቁት እነዚህን ጥቂት ቀናት ነው። በዋዜማው ማታ ገብቶ ሌሊት 10 ሰዓት የሚወጣ እንግዳ የከተማውን ውኃ፣ እንጀራና ትሕትና ተቀብሎ ምንም ሳይተው ይሄዳል። ቢያንስ ቁጭ ብሎ ቡናውን እስከ በረካው ይጠጣ፤ ሒሳብም ይክፈል።

ስለዚህ በሚመጣው ገና ልትሄዱ የምታስቡ፣ የግሩፕ ቻታችሁ ላይ መጀመሪያ «ከየት እንነሳ?» የሚለው አይጻፍ። መጀመሪያ ታኅሣሥ 29ን ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ አድርጉት። በረራ ከዚያ ወዲያ ፈልጉ፤ 30 ከተገኘ 30፣ ካልተገኘ ጥር 1። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩና የቀራችሁ ቀን ሦስት ከሆነ ከጋሸና፣ ስድስት ከሆነ ከወልድያ ተነሱ። እግራችሁን ያጠበ ሰው ምሳ ላይ ሲቆጥራችሁ አትጉደሉ።