እንስሳ «አንዴ ድገምልኝ» አይባልም

«አሁን ካሜራው ሁሉን ነገር ራሱ ያውቃል፣ ማኑዋል መማር ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ወሬ ሰሞኑን በየቦታው እየሰማሁ ነው። ተራ ሰው ቢለው ዝም ባልኩ። የሚሉት ግን የተፈጥሮና የዱር እንስሳት ፎቶ እናስተምራለን ብለው ከወጣቱ ገንዘብ የሚቀበሉ ናቸው። በሦስት ቀን ኮርስ ኦቶ ላይ አድርጎ መተኮስ ያሳዩታል፤ የቀረውን በሚሸጡለት ፕሪሴት እንዲያሳምረው ይነግሩታል። ይሄ ማስተማር አይደለም፤ ቀለም መሸጥ ነው።

እስቲ በነገሩ እንነጋገር።

አዲሶቹ ካሜራዎች የወፍን ዓይን ፈልገው ፎከስ ያደርጋሉ። እውነት ነው፣ ድንቅም ነው። ግን ፎከስ ሌላ፣ ብርሃን ሌላ። ብርሃን ላይ ሲደርስ ካሜራ ይለካል እንጂ እንደ እኛ አያይም። ከፊቱ ያለው ነገር በተፈጥሮው ጥቁር ይሁን ነጭ አያውቅም፤ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ጥቁሩን «ጨለመ» ብሎ ያነጣዋል፣ ነጩን «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ወይም ወንዶ ገነት ሄዳችሁ ጉሬዛ አንሱ። ሰውነቱ ጥቁር፣ ከትከሻው የሚወርደው ፀጉርና ጅራቱ ነጭ፣ የተቀመጠው ደግሞ የትልቅ ዛፍ ጥላ ውስጥ። ኦቶ ላይ ያለው ካሜራ ጥቁሩንና ጥላውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል። ያ የሚያምር ነጭ ፀጉር ይነድና ወረቀት ይመስላል። «ላይትሩም ላይ ይስተካከላል» ይሏችኋል። ሮው ፋይል ትንሽ ያተርፍላችኋል፤ ጨርሶ የነደደ ነጭ ውስጥ ግን የሚመለስ ፀጉር የለም። ያልተመዘገበ ነገር በምን ይስተካከላል?

አሁን ደግሞ ወደ ከተማ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤት ባለበት አካባቢ ሁሉ ጭልፊት ይዞራል። አንዱን በካሜራ ተከተሉት። አንዴ ከጀርባው ሰማይ ነው፣ ወዲያው ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ የሕንፃ መስታወት። ኦቶው በእያንዳንዱ ጀርባ ሐሳቡን ይቀይራል። ሰማዩ ላይ ከሰል የመሰለ ጭልፊት፣ ዛፉ ላይ የገረጣ ጭልፊት ይሰጣችኋል። ወፉ ያው አንድ ወፍ ነው። ላዩ ላይ ያረፈው ፀሐይም ያው ነው።

ብርሃኑ አልተለወጠም። የተለወጠው ጀርባው ነው። ማኑዋል የምንማርበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። አንዴ ለክታችሁ ቁጥሩን ትይዛላችሁ፤ ፀሐዩ እስካልተቀየረ ድረስ ወፉ የትም ቢሄድ መልኩ አይጠፋም።

ቁጥሩ ደግሞ ምሥጢር አይደለም። ፀሐይ ጥርት ብላ በወጣችበት ቀን፣ ፀሐይ ለሚያርፍበት ነገር አፐርቸሩን ኤፍ 16 ካደረጋችሁ ሻተሩ ከአይኤስኦው ጋር እኩል ይሆናል፤ አይኤስኦ 400 ከሆነ ሻተር 1/400። ለሚበር ወፍ ይሄ ፍጥነት ያንሳል። ስለዚህ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 5.6 ትከፍቱታላችሁ፤ ሦስት እርምጃ ነው፣ ሻተሩም ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ 1/800፣ 1/1600፣ 1/3200። ክንፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በፊልም ዘመን ይሄ ምክር ከፊልሙ ማሸጊያ ጋር ታትሞ ይመጣ ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ብር ተከፍሎበት የማይነገር ሆነ!

«ይሄ ሁሉ ለምን?» ለሚል አንድ ነገር ልንገረው። ሰርግ ስታነሳ ከተበላሸብህ ሙሽሮቹን መልሰህ ታስገባቸዋለህ። ቀይ ቀበሮን ግን «አንዴ ድገምልኝ» አትለውም።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። አዋቂዎቹ ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ አይጥና ፍልፈል ሲያድን አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ያደባል፣ ይለጠፋል፣ ይዘላል። አለቀ። ቁጥሩን አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ዓይኑ ቀበሮው ላይ ነው። ያላዘጋጀው አንገቱን ደፍቶ ስክሪን ላይ ይፈልጋል። ያመልጠዋል። ከዚያስ? ሾፌሩን «ቀረብ በል» ይለዋል፤ ከመንገድ ወርዶ በእግሩ ይከተላል። ቀበሮው አደኑን ትቶ ይሄዳል። ስሜን ላይም ያው ነው፤ ጭላዳ ሣር ግጦ የሚኖር እንስሳ ሆኖ ሳለ «እንዲቀርብልኝ» ብሎ ዳቦ የሚወረውር ሰው አይቻለሁ።

ችሎታ ሲያንስ ርቀት ይበላል። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ እንስሳው ነው።

የሚነሱብኝን ሁለት ክርክሮች ላንሳ።

አንደኛው «ማኑዋል ጉራ ነው» የሚለው ነው። ጉረኞች አሉ፣ አልክድም። ማኑዋል ሃይማኖት አይደለም። ሳነቴ ላይ ደመና መጣ ሄደ ሲል አፐርቸርና ሻተሩን እኔ ይዤ አይኤስኦውን ለካሜራው እተዋለሁ፤ ጨለማ ወይም ነጭ ሲበዛበት በብርሃን መጨመሪያና መቀነሻው አርመዋለሁ። አላፍርበትም። ግን ልዩነት አለው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለረዳቱ ሥራ ማካፈሉና የማያውቅ ሰው ረዳቱ ላይ መንጠልጠሉ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው «እሱ ውድ ካሜራ ላለው ነው» የሚለው ነው። ተገላቢጦሽ ነው እንጂ! ሦስቱ ቁጥሮች አሥር ዓመት ያገለገለ ካሜራ ላይም አሉ። በ18–55 ሌንስ ቀበሮ አትቀርቡም፣ አትሞክሩም። ጅብራ ግን አይሸሽም። የጠዋት ፀሐይ ጅብራው ላይ ሲያርፍ፣ ሰማዩን ሳያቃጥሉ ቅጠሉን ሳያጨልሙ ማንሳት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ውድ ካሜራ መግዛት የማይችለው ልጅ ያለው ሀብት እውቀቱ ነው። እሱንም «አያስፈልግህም» እያላችሁ ትነጥቁታላችሁ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄንን ስታነቡ እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ የቤት ሥራ ካልሰጠሁ አልሆንም። ለዚህ ቅዳሜ፣ ባሌ መሄድ ሳያስፈልግ፦

1. ጥቁር ዶሮና ነጭ ዶሮ ፈልጉ። አንድ ፀሐይ ላይ፣ ፍሬሙን ሞልታችሁ፣ መጀመሪያ በኦቶ አንሷቸው። ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ። ከዚያ በማኑዋል፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ተጠቀሙ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ሲሆን ታያላችሁ።

2. የሚበር ጭልፊት በ1/125፣ በ1/500፣ በ1/2000 አንሱ። የአይኤስኦ ነጠብጣብ ፈርታችሁ ሻተር አትቀንሱ። ነጠብጣብ ያለው ስለታም ፎቶ ይታያል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን ይጣላል።

3. ካሜራውን ሳታነሱ ግማሽ ሰዓት ወፎቹን ተመልከቱ። ቁጥሩ እጃችሁ ውስጥ ሲገባ የሚተርፈው ጊዜ ለዚህ ነው።

ለምታስተምሩት ደግሞ፦ ፕሪሴታችሁን ሽጡ፣ አልከለክልም። ግን ልጁ የከፈላችሁ ፎቶ ማንሳት እንድታስተምሩት ነው። መጀመሪያ ሦስቱን ቁጥሮች ስጡት። ከዚያ ኦቶውን ይጠቀም አይጠቀም ራሱ ይወስናል።

የዶሮዎቹን ፎቶ ከነቁጥሩ ላኩልኝ። ያልላከ ቀሪ ነው የምለው!