ጨዋው ሌባ

ጆን ባሪሞር የተወነበት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የተሠራው «ራፍልስ» የተባለ ድምፅ አልባ የአሜሪካ ፊልም ተንኰል አለበት። ራፍልስ በቀን የክሪኬት ተጫዋች፣ በሌሊት የጌጥ ሌባ ነው፤ ቆንጆ ትወደዋለች፣ ተመልካቹም ያመልጥ ዘንድ ይመኝለታል። የቡርዡዋው ኪነ ጥበብ ሌብነትን ያወገዘ መስሎ የሌባውን ቁመና ይሸጣል። (አልማዙ ከየትኛው ቅኝ አገር እንደተቆፈረማ ማን ጠይቆ!)

ይህ ተረት ለሞጣ ሰው አያስቅም። ሞጣ ጊዮርጊስን ያስተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ነበሩ። እቴጌይቱና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩት የሚነገርለት የወርቅ አክሊል ግን ያለው ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የዘረፈው የናፒየር ጦር ነው፤ ዘረፋውን የተሸከሙት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ነበሩ። በዚያው አምባ ባላቸውን ቴዎድሮስን ያጡት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና ጌጥም አብሮ ተወስዷል። ራፍልስ ቢያንስ የሰረቀውን ይደብቅ ነበር፤ እነዚህ በመስታወት ውስጥ አኑረው ያሳያሉ።

የሌባውን ፍቅር የሚተርክ ደራሲ ሞልቷል። በሞጣም ሆነ በቢቸና ትምህርት ቤቶች የድራማ ክበባት፣ ባዶ የቀረውን ዕቃ ቤትና የዕቃ ቤቱን ጠባቂ መድረክ ላይ የሚያወጣ ተውኔት ወዴት አለ?